ድመትና ዶሮ ባሉበት ግቢ አዳኝ ውሻን ማኖር

ድመት ያለበት ቤት ውሻ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ተዋቸው፣ ይላመዳሉ።» ለብዙ ውሻ እውነት ነው። አፍንጫው አንድ ጊዜ ከተቧጨረ በኋላ ድመቷን አክብሮ የሚኖር ሞልቷል። የምጽፈው ግን ስለ ሌላው ነው፤ ድመት ስትሮጥ ካየ ስሙ ቢጠራ ስለማይሰማው። ሃስኪ፣ ማሊኖይስ፣ ጃክ ራስል፣ ግሬይሀውንድና ብዙ ጀርመን ሸፐርድ እዚህ ይመደባሉ፤ አይጥ እየያዘ ያደገ የሀበሻ ውሻም እንደዚያው።

አደን ከቁጣም ከረሃብም የተለየ ነገር ነው። ጠግቦ የበላ ውሻ ዶሮ ገድሎ ሳይበላት ጥሏት ይሄዳል። ማየት፣ ማፍጠጥ፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መያዝ፣ ነክሶ መግደል፣ መብላት፦ ደመ ነፍሱ በዚህ ተራ ነው የሚሄደው። ሰው ውሻን ሲያራባ የሚፈልገውን ክፍል አጠንክሮ የቀረውን አዳክሟል። የበግ ጠባቂው ቦርደር ኮሊ በማፍጠጥና በማሳደድ ይታወቃል፤ እንደ ጃክ ራስል ያለው ቴሪየር ይዞ በመነቅነቅ፤ ሃስኪ ላይ ግን ተራው ከሞላ ጎደል ሙሉ ነው። ማሳደዱ ራሱ ለውሻው ደስታ ስለሆነ በዱላ አይጠፋም። ድመት ባየ ቁጥር የሚመታ ውሻ የሚማረው ድመቷ ስትመጣ ሕመም እንደሚከተል ነው፤ ያኔ በፊት ያልነበረ ጥላቻ ይጨመርበታል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የተባለው ለድመቷ ቢሆንም እዚህ ለውሻውም ይሠራል። ስለዚህ ሥራው የዕድሜ ልክ ጥንቃቄ ነው።

ከሁሉ በፊት አስተያየቱን ማንበብ ተማሩ። ለማወቅ ብቻ የሚያይ ውሻ አፉ ገርበብ ያለ፣ ወገቡና ጅራቱ የላላ ነው፤ ድመቷን አየት አድርጎ መሬት ያሸታል፣ ሲጠሩት ይዞራል። ለአደን የሚያይ ግን አፉ ግጥም ይላል። ጆሮው ወደፊት ይቆማል፣ ክብደቱ ፊት እግሮቹ ላይ ይወርዳል፣ አንዳንዱ አንድ እግሩን አንሥቶ እንደ ሐውልት ይደርቃል፣ አንዳንዱ እየተንቀጠቀጠ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ብዙ ሰው ይህን ዝምታ «ተረጋጋ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ የብዙ ድመት ሞት የሚጀምረው ከዚህ ስሕተት ነው። ቀላሉ መፈተሻ ሥጋ ነው፦ አፍንጫው ሥር የተያዘለትን ሥጋ የማይወስድ ከሆነ ቀርቧታል ማለት ነው። ወዲያው አርቁት።

የእኛ አገር ልማድ አንድ የተለየ ችግር ይጨምራል። የግቢ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ቀኑን ሙሉ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ድመቷ በአጥሩ ላይ ስትሄድ፣ ዶሮዎቹ ፊት ለፊቱ ሲጭሩ ያያል። ያፈጥጣል፣ ይንደረደራል፣ አንገቱ ይታነቃል፤ እንደገና ያፈጥጣል። ይህ ሳናውቀው በየቀኑ የምንሰጠው የአደን ትምህርት ነው፤ ማታ ሲፈታ የተማረውን ይሠራል። ማሰሪያው እንስሳቱ ወደማያልፉበት ጎን ይዛወር። አቅም ካለ ሰንሰለቱ ቀርቶ ጥግ ይታጠርለት፤ አጥሩ ከታች እስከ 1.2 ሜትር ድረስ በቆርቆሮ ቢሸፈን ማፍጠጡ በግማሽ መንገድ ይቀራል። ሳይፈታ በፊት ዶሮ ቤቱ መዘጋቱ፣ ድመቷም መግባቷ ይረጋገጥ። ይህን ቅደም ተከተል ዘበኛውም ልጆቹም ካላወቁት ዋጋ የለውም።

ማስተዋወቁ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አይተያዩ። ድመቷን ያበሳችሁበትን ጨርቅ ውሻው ምግብ አጠገብ፣ የእሱን ደግሞ እሷ ጋ አድርጉ። በዚያው ሰሞን በተዘጋ በር ወዲያና ወዲህ አብሏቸው፤ በሩን መቧጨርና መጮህ እስኪተው ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ከዚያ በፍርግርግ በር ይተያዩ። ውሻው ደረቱ ላይ በሚታሰር ቀበቶና በሁለት ሜትር ገመድ ይያዝ፤ ርቀቱ ከአምስት ሜትር ይጀምር። ድመቷን አየት ባደረገባት ቅጽበት፣ ገና ሳያፈጥጥ፣ «ጎበዝ» በሉና የሽምብራ ፍሬ የምታክል የተቀቀለ ሥጋ ስጡት። ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ድመቷን አይቶ ራሱ ወደ እናንተ ይዞራል። የምትፈልጉት ይህንን መዞር ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ግማሽ ሜትር እንኳ አትጠጉ። ልምምዱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ረጅም ልምምድ ውሻውን ያደክመዋል፤ የደከመ ውሻ ደግሞ ይሳሳታል። የተቀመጠች ድመትና የምትራመድ ድመት ሁለት ፈተና ናቸው፤ ስትንቀሳቀስ ወደ አምስት ሜትሩ ተመለሱ። ድመቷን አቅፋችሁ አታሳዩት። እሷ ትቧጭራችኋለች፣ እሱ ይዘላል።

ስለ ሥጋው ሳልናገር አላልፍም፦ ሳንባም ጉበትም በደንብ ይቀቀል። የከብትና የበግ ጥሬ ሳንባና ጉበት የሃይዳቲድ ቋት፣ ማለትም የትል እጭ የያዘ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ሊኖረው ይችላል፤ ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ የቴፕ ትል (የኮሶ ዓይነት ትል) ይሆናል፣ ከዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላል ደግሞ ሰውን ይይዛል።

ድመቷም ድርሻዋ ይሰጣት። በየክፍሉ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ መደርደሪያ፣ ውሻው የማይገባበት መጸዳጃና የመብያ ቦታ፣ እንዳትከበብም ሁለት መውጫ ያስፈልጋታል። የማትሮጥ አዋቂ ድመት ከምትቦርቅ ግልገል ትሻላለች። ውሻው ከተቧጨረ በኋላ አንድ ዓይኑን ከጨፈነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ የዓይን ብሌን ቁስል አይዘገይም።

ቤት ውስጥ ከድመቷ ጋር የሚተኛ ውሻ ያችኑ ድመት ጓሮ ውስጥ ሊያሳድዳት ይችላል። ሁለት ውሾች ሲሆኑ ደግሞ ለየብቻ ጨዋ የሆኑት አብረው ያድናሉ። ሰው በሌለበት መተዋቸውን ቢያንስ ለወራት አታስቡት፤ ለአንዳንዱ ውሻ ጨርሶ አይሆንም። ቅርጫት መሰል የአፍ መሸፈኛ ይረዳል፣ አፉን ከፍቶ እንዲያለከልክ ሰፋ ያለው ማለት ነው። ቢሆንም በእግሩ ረግጦ ትንሽ እንስሳ መግደል ይችላልና አትመኩበት።

ጥንቸል፣ ጫጩት፣ ሃምስተር (አይጥ መሰል የቤት እንስሳ) እና ወፍ ላይ ስለማላመድ አላወራም። መልሱ ሁልጊዜ ሁለት መከልከያ ነው፦ የሚቆለፍ በርና ከበሩ ውስጥ የሚዘጋ ቤት። ጥንቸል ሳትነካ በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች፤ ከድንጋጤ በኋላ ለግማሽ ቀን ካልበላች ወይም ካልተጸዳዳች ሐኪም ጋ ውሰዷት። ዶሮ ቤት ላይ ስስ ባለ ስድስት ጎን ሽቦ አይበቃም፤ ዶሮ ያግዳል እንጂ ውሻ በጥርሱ ይቀድደዋል። በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ፍርግርግ አድርጉ። ውሻ የሚቆፍረው ከግድግዳው ሥር ስለሆነ ሽቦውን ወደ ውጭ 40 ሴንቲ ሜትር አጥፋችሁ መሬት ውስጥ ቅበሩት።

ደመ ነፍሱ ማፍሰሻ ካላገኘ ጥንቃቄው ሁሉ ይከብዳል። 1.5 ሜትር ዱላ ጫፍ ላይ በገመድ ጨርቅ እሰሩና መሬት ላይ እያስሮጣችሁ ያሳድደው፤ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። በየመሀሉ ይያዘውና ይነቅንቀው፣ ከዚያ በሥጋ ለውጣችሁ አስለቅቁት። ዕድሜው ገና ከሆነ አታዝልሉት። የሌዘር መብራት አልመክርም፤ የማይያዝ ነገር ማሳደድ ውሻውን ጥላና ብርሃን ፈላጊ ያደርገዋል።

አደጋ ከደረሰ ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ አትታለሉ። የውሻ ጥርስ ቆዳው ላይ ጠባብ ቀዳዳ ትቶ ከሥር ሥጋ ይፈጫል፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለውሻውም ለድመቷም ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጥ፣ በየዓመቱም ይታደስ። ለመገላገል ስትሞክሩ ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ሦስት ወር በትጋት ሠርታችሁ ውሻው ድመቷን ሲያይ አሁንም ሥጋ የማይወስድ ከሆነ በፈረቃ አኑሯቸው፦ ጠዋት እሱ ግቢ፣ እሷ ቤት፤ ከሰዓት እሷ ሳሎን፣ እሱ በታጠረለት ቦታ። በመካከላቸው ሁልጊዜ ሁለት የተዘጉ በሮች ይኑሩ።