መልሱ አለ፣ ጥያቄው የለም

በርሊን ውስጥ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ደንበኞችን መርዳት ነው። ትዊተር ላይ ይጠይቁናል፣ እንመልሳለን፤ ለዓመታት እንዲህ ነበር የምንሠራው። በኦክቶበር 2022 ኢሎን ማስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ግን ብዙዎቹ ደንበኞቻችን፣ በተለይ ፕሮግራመሮቹ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ማስቶዶን የሚባል ሌላ ማህበራዊ ሚዲያ ገቡ። ማስቶዶንን በ2016 እዚሁ ጀርመን የጀመረው ኦይገን ሮችኮ ነው። እኛም ተከትለናቸው ሄድን።

ለማታውቁት፣ ማስቶዶን አንድ ባለቤት የለውም። በየቦታው የተበተኑ ሰርቨሮች፣ ማለትም አካውንቶችና ጽሑፎች የሚቀመጡባቸው ኮምፒውተሮች ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱ አስተዳዳሪ አለው። አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ደንብ ስለሚግባቡ፣ የጂሜይል ሰው ለያሁ ሰው እንደሚጽፈው ሁሉ፣ አንዱ ሰርቨር ላይ ሆናችሁ ሌላው ላይ ካለ ሰው ጋር ታወራላችሁ።

የገባንበትን ሰርቨር የሚያስተዳድረው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር፣ ያውም ከሥራ መልስ። በጣም ነው የወደድነው። ጽሑፍ የሚታየው በተለጠፈበት ሰዓት ቅደም ተከተል ነው፤ ማስታወቂያ የለም። አንዱ ሲጠይቅ እኛ ሳንደርስ ሌላ ደንበኛ ይመልስለታል፣ ሦስተኛው ደግሞ "እኔ ጋ በዚህ መንገድ ነው የሠራው" ይላል፣ እንዲህ እያለ ውይይቱ እኛ ከጻፍነው መመሪያ የተሻለ ሆኖ ቁጭ አለ። መመሪያው ውስጥ ሳይቀር ሊንኩን እያስገባን ሰዎችን ወደዚያ መላክ ጀመርን።

በፌብሩዋሪ 2024 የስፓም፣ ማለትም ማንም ያልጠየቀው የጅምላ መልእክት፣ ጎርፍ መጣ። ለማንም ክፍት የሆኑና ተቆጣጣሪ የሌላቸው ትንንሽ ሰርቨሮች ላይ አካውንት እየተከፈተ፣ ከዚያ ወደ ሁሉም ይረጫል። የእኛ ሰውዬ ሌሊት እየተነሳ ሲያጠፋ ከረመ። ብዙም ሳይቆይ ደክሞኛል፣ ወጪውም ከብዶኛል፣ ከሦስት ወር በኋላ እዘጋዋለሁ ብሎ አሳወቀ። አልቀየምኩትም። ያለ ደሞዝ ሲያገለግለን የነበረ ሰው ነው፣ ቀድሞ መናገሩም ጨዋነት ነው።

ኃላፊያችን ግን ወዲያው "ወደ ትልቁ፣ ወደ ትዊተር እንመለስ፣ እሱ አይዘጋም" አለ። አልተስማማሁም። ትልቁ ባይዘጋ እንኳ ደንቡን በአንድ ሌሊት ይቀይርብሃል አልኩት። በ2023 ሬዲት የሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ለኤፒአይ (የሌሎች አፖች ከእሱ ጋር ለሚገናኙበት መንገድ) ዋጋ ሲያወጣ፣ ሬዲትን ለማንበብ የሚያገለግለው አፖሎ የሚባል ተወዳጅ አፕ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊጠየቅ እንደሚችል አስልቶ ጁን 30 ሥራ አቆመ። ሺዎች የሬዲት ክፍሎች ተቃውመው በራቸውን ቢዘጉም ዋጋው አልተነሳም።

ስለዚህ ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወር ነው። ተከታዮቻችንን ማዛወሩ ቀላል ነበር፤ ማስቶዶን ራሱ ያሻግራቸዋል። ጽሑፍን ግን አያሻግርም። አንዲት ባልደረባዬ ማህደራችንን አውርዳ ስንከፍተው ያለው እኛ የጻፍነው ብቻ ነው። "አዎ፣ ሁለተኛውን አጥፋው።" ምኑን ነው የሚያጠፋው? "እሱ ሳይሆን ከላይ ያለው።" የቱ? የጠየቁት ሰዎች ቃል እነሱ ባሉበት ሰርቨር፣ በእነሱ አካውንት ነው ያለው። ደንበኞች ለእርስ በርሳቸው የሰጡት ምርጥ መልስም እንዲሁ። ማህበረሰብ ተዛወረ ሲባል ሰዎቹ ተዛወሩ ማለት ብቻ ነው፤ አብረው የገነቡት እውቀት ተበታትኖ ይቀራል። ይሄ ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም።

የቀረውን ጊዜ ውይይቶቹን አንድ በአንድ ስንሰበስብ አሳለፍነው። ዝም ብሎ መገልበጥ ይቻል ነበር፣ ግን የሰው ጽሑፍ ነው። ለእያንዳንዱ መልእክት ላክን፦ ጽሑፍህን ድረ ገጻችን ላይ ብናስቀምጠው ትፈቅዳለህ ወይ፣ በስምህ ነው ወይስ ያለ ስም? ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ፈቀዱ። አንዳንዱማ መልሱ አሁን እንደተቀየረ ነግሮን አስተካከለው። ያልመለሱልንን ሰዎች ጽሑፍ አልነካንም፣ ጥያቄያቸውን ብቻ በራሳችን አባባል ጻፍነው።

አሁን አድራሻችን በድርጅታችን የራሱ ዶሜይን (የኢንተርኔት ስም) ነው። ሰርቨሩን የሚያስተናግድልን ድርጅት ነገ ቢዘጋ፣ ዶሜይኑንና ጽሑፎቹ የተቀመጡበትን ዳታቤዝ ይዘን ሌላ ጋ እንሄዳለን፣ ሊንኮቹም አይሞቱም። የአስተዳዳሪነቱን ቁልፍ ሁለት ሰዎች ይይዙታል፤ ስፓም መጠበቅም ደሞዝ የሚከፈልበት የሥራ ሰዓት ውስጥ ገብቷል። ኃላፊያችንን ለማሳመን የከበደኝ ይሄኛው ነበር።

ይሄን የምጽፈው ስለ ማስቶዶን ብዬ ብቻ አይደለም። እዚህ አውሮፓ ያለን ሐበሾች ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ሥራ የምንጠያየቀው ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። ስንት ሰው የደከመበት መልስ አለ መሰላችሁ። የእናንተን ግሩፕ የከፈተው ሰው ስልኩን ቢያጣ ማን ይረከበዋል? ጥሩ ጥሩዎቹ መልሶችስ ሌላ ቦታ ተቀምጠዋል? ዛሬ አድሚኑን ጠይቁት፣ ከተቻለም ሁለተኛ አድሚን ይጨምር።