ስፔስ ባርን ግሪስ መቀባት

ዛሬ ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠራ ልጅ ጋ ጎራ ስል ኪቦርዱን በትኖ አገኘሁት።

"ተበላሸብህ እንዴ?"

"አይ ጋሼ፣ ግሪስ እየቀባሁት ነው።"

ቁልፎቹን ነቅሎ ትሪ ላይ ዘርግቷቸዋል። ስዊቾቹ፣ ማለትም ከየቁልፉ ሥር ያሉት መጫኛዎች፣ ቀይ ናቸው፤ ቀዩ ሳይንገራገጭ ይወርዳል፣ ቡናማው መሃል ላይ ያዝ ያደርጋል፣ ሰማያዊው ቀጭ ይላል። "ሰማያዊውን እዚህ ብጠቀም ደንበኛ ይሸሻል" አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ዓይኔ የቀረው ግን ስፔስ ባሩ ላይ ነው። ከሥሩ ስታቢላይዘር የሚባል ቀጭን ሽቦ አለ፤ ረጅሙ ቁልፍ በየትኛውም ጎን ቢመታ እኩል እንዲወርድ ያደርጋል። ጫፎቹን በሥዕል ብሩሽ ግሪስ ዳበስ አደረጋቸው። ቅድም ሲነካው ይንቀጫቀጭ የነበረው አሁን ደፈን ያለ "ዱብ" ብቻ ሆነ። ደግሜ ደጋግሜ መታሁት።

ቅንጦት ይመስላል። ግን በድምፅ አጻጻፍ፣ ማለትም የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ቁልፎች እየመታን፣ ስንተይብ ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ነው የምንመታው፤ ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ለሚጽፍ ጣት ይኼ ቀላል አይደለም።

ልጁም መከረኝ፦ "መጀመር ካሰቡ ኪቦርዱ ሆት ስዋፕ መሆኑን ይጠይቁ፤ ስዊቹን ያለ ብየዳ ነቅለው ይቀይራሉ። ግሪሱን ደግሞ እንዳያበዙት፣ ቁልፉ ይዘገይብዎታል።"