የመሪጌታ ልጅ ሌላ ኑሮ ሲጀምር

ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደተውኩ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጴንጤ ሆንክ እንዴ?» ብሎ ነው። አልሆንኩም። ማመኑ ከውስጤ አለቀ፣ በቃ። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው።

ጎንደር ውስጥ የመሪጌታ ልጅ ከሆንክ መንገድህ ገና በልጅነትህ ታውቋል። ፊደል፣ ዳዊት፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ ከዚያ አቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያና በጸናጽል የሚደረገው ዝማሬ። ለአቋቋሙማ በዓታ ቤተ ክርስቲያን አለችልን፤ ሰው ደበሎ ለብሶ ከሩቅ አገር የሚመጣላት። እኔ ቅኔ ላይ ቆምኩ። ያኔ ሃያዎቹን አጋምሻለሁ፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ እንኳ የለኝም።

ለማንም ሳልናገር መጀመሪያ ገንዘብ መያዝ ጀመርኩ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ከሚጽፉ ሰዎች አንዱ ጋ ተጠጋሁ። ቅኔ ቤት ለዋለ ሰው ቃል አይቸግረውም፤ የቸገረኝ ማሳጠሩ ነው። ወሰን የተገፋ ገበሬ አቤቱታ ላይ እንደ መወድስ ሳስረዝመው ሰውየው «አንተ ልጅ፣ ዳኛው ይኼን ሲያነቡ ሊመሽባቸው ነው» ብሎ ይቀደዋል። ቀስ በቀስ ለመድኩ። ኮምፒውተር ጽሕፈትም ተማርኩ። የቤት ኪራይ መክፈል ስችል አዘዞ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ለቤተሰብ የተናገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ማንም ባይለውጠው እላለሁ።

ለእናቴ ራሴ ነገርኳት። አለቀሰች። ለአባቴ ግን አጎቴን ሽማግሌ ላክሁ። እንዲህ ያለውን ነገር አባትና ልጅ ፊት ለፊት ከተነጋገሩበት የማይመለስ ቃል ይወጣል። በመጽሐፍ መከራከርማ አይታሰብም፤ አባቴ ለአንዲት ጥቅስ ሦስት አንድምታ ያመጣሉ፣ እኔ የማውቀው እሳቸው ያስተማሩኝን ነው። አጎቴ ሲመለስ የተስማማነው ይኼ ነው፦ ለበዓል እሄዳለሁ፣ በጾም ቀን እነሱ ቤት የጾም እበላለሁ፣ ከእህቶቼ ጋር ስለ እምነት አላወራም። የመጨረሻው አሁንም ያንቀኛል።

ያልገመትኩት ነገር ቀን መቁጠሩን ነው። ለእኔ ወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ነበር፤ ከዓመቱ ላይ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ይወስዳል። አንድ ዓርብ ፒያሳ ማኪያቶ አዘዝኩ። አስተናጋጇ አስቀምጣልኝ ሄደች፤ አረፋው እስኪጠፋ አፍጥጬ አየሁት። ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ጠጣሁት፤ ሆዴን ቆረጠኝ። ከወተቱ ይሁን ከፍርሃቱ እንጃ። ባዶውን ምሽት የሞላልኝ የማታ ትምህርት ነው። በቃል መያዝ ለእኔ ጨዋታ ነው፤ የዜማ ቤት ልጅ ነኝ። ሒሳብ ግን ላቤን ያወጣዋል።

ሰው የሚረሳው እድርን ነው። ሰንበቴና ጽዋ ስትተው የሚያውቅህ ሰው ሁሉ አብሮ ይቀራል። «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። የሰፈሬ እድር ስለ ጾሜ አልጠየቀኝም፤ የሚያየው መዋጮ መክፈሌንና ለቀብር መገኘቴን ነው። ክፍሏን በያዝኩ ሰሞን ተመዘገብኩ። ጎረቤት የለመደኝ ድንኳን ስተክል ነው።

አባቴ ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም። የመሬት ክርክር ያለባቸውን የደብሩን ሰዎች ግን «እሱ ጋ ሂዱ፣ አሳጥሮ ይጽፋል» እያሉ ይልኩልኛል።