እማዬና አረንጓዴው ወረቀት

እማዬ ድምፅ ልትሰጥ ስትሄድ ፓስፖርቷን፣ የዜግነት ወረቀቷንና የቤት ኪራይ ውላችንን በፌስታል ጠቅልላ በነጠላዋ ሥር ያዘች። እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2025፣ የአውስትራሊያ ምርጫ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሜልበርን፣ ሰንሻይን ሰፈር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ተሰልፈናል። «መታወቂያ አይጠይቁሽም» ብላት አላመነችም። ተራዋ ሲደርስ ሠራተኛዋ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ ስምዎ ማን ነው፣ የት ይኖራሉ፣ በዚህ ምርጫ ከዚህ በፊት ድምፅ ሰጥተዋል? ስሟ መዝገቡ ላይ ምልክት ተደረገበትና ሁለት ወረቀት ተሰጣት፤ አንድ አረንጓዴ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንድ ነጭ ለሴኔቱ። ፌስታሉ ሳይፈታ ቀረ።

የምርጫ ክልላችን ፍሬዘር ይባላል። ከሜልበርን መሀል ከተማ በስተምዕራብ ያሉትን እንደ ሰንሻይን፣ ሴንት አልባንስና ብሬብሩክ ያሉ ሰፈሮችን ያቀፈ ነው። ድሮም የሠራተኛ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 አንድ ዳኛ ለአንድ ተራ ሠራተኛና ለቤተሰቡ መኖሪያ የሚበቃው ደመወዝ በቀን 7 ሺሊንግ ነው ብሎ የፈረደው እዚሁ ሰንሻይን በነበረው የማጨጃ ማሽን ፋብሪካ ጉዳይ ነው። ክልሉ ስሙን ያገኘው ከ1975 እስከ 1983 ጠቅላይ ሚኒስትር ከነበሩት ከማልኮም ፍሬዘር ነው። በእሳቸው ዘመን ነው ብዙ የቬትናም ስደተኞች ወደዚህ አገር የገቡት። አጥር የምንጋራቸው የቬትናም አዛውንት ለእማዬ ቃሪያና ቅጠላ ቅጠል በአጥሩ ላይ ያቀብሏታል፤ እሷም ዳቦ ትቆርስላቸዋለች። እማዬ በአማርኛ የምታዳምጠው ኤስ.ቢ.ኤስ. የተባለው የብዙ ቋንቋ ጣቢያም በፍሬዘር ዘመን የተቋቋመ ነው። ሰውየው የሊበራል ፓርቲ መሪ ነበሩ፤ በስማቸው የተጠራው ክልል ግን ከ2019 የመጀመሪያ ምርጫው ጀምሮ የመረጠው ተቀናቃኙን ሌበር ፓርቲን ነው።

ስለዚህ «የእኛ ድምፅ ምን ይለውጣል፣ አሸናፊው እንደሆነ ታውቋል» የሚል ሰው ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ነው። በዚህ አልስማማም። አንደኛ ምርጫዬ ተብሎ ቁጥር 1 ከሚሰጠው ድምፅ ቢያንስ 4 በመቶ ያገኘ ተወዳዳሪ ለእያንዳንዱ ድምፅ ከመንግሥት ገንዘብ ይከፈለዋል። የአሸናፊው ልዩነት ሲጠብም ሰፈሩን ዞር ብሎ የሚያየው ባለሥልጣን ይበዛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሰልፍ ቆሞ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ ወረቀቱን ሳጥን ከትቶ ድምፁ የማይቆጠርለት ሰው። እዚህ «ኢንፎርማል» ይሉታል። በ2022ቱ ምርጫ በአገር ደረጃ ለተወካዮች ምክር ቤት ከተሰጠው ከ100 ወረቀት 5 ያህሉ እንዲህ ባክኗል። ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ በብዛት በሚነገርባቸው ሰፈሮች ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አንዲት የማኅበራችን እናት ቡና ላይ ጨዋታ አንስተን ሦስት ምርጫ ሙሉ አረንጓዴው ወረቀት ላይ አንድ ራይት እያደረጉ እንደወጡ ነገሩኝ። ቁጥር ካልተጻፈ እንደማይቆጠር ስነግራቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። «ታዲያ እስከዛሬ እንዳልመረጥኩ ነው?» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ።

በእሳቸው አልፈርድም። እኛ የለመድነው አንድ ምልክት ነው። እማዬ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ አዲስ አበባ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፋ የመረጠችው ምልክት አይታ ነው፤ ንብ አለ፣ ሁለት ጣት አለ፣ የፈለግሽው ጎን ምልክት አድርገሽ ትወጫለሽ። እዚህ አረንጓዴው ወረቀት ላይ ያሉት ሳጥኖች በሙሉ ከ1 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቁጥር ይፈልጋሉ። ነጩ፣ የሴኔቱ፣ ደግሞ ፓርቲዎቹ ከተዘረዘሩበት ከመስመሩ በላይ ቢያንስ እስከ 6። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ሕግ። እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ድምፅ መስጠት በሕግ ግዴታ ስለሆነ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው 20 ዶላር ይቀጣል፤ አንዳንዱ ሰው ቅጣቱን ብቻ ፈርቶ መጥቶ፣ የሆነ ነገር ጭሮ ይወጣል።

ከምርጫው በፊት በነበረው ሐሙስ ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አምጥቼ ሰባት ሳጥን ሣልኩላት። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዶሮ፣ ክክ፣ ድንች፣ ፓስታ። «ደረጃ አውጪላቸው» አልኳት። ዶሮን 1፣ ሽሮን 2 አለች። እስከ አምስት በቀላሉ ሄደች። ድንችና ፓስታ ሲቀሩ እርሳሱን አስቀመጠች።

«እነዚህን አልፈልጋቸውም። የማልወደውን ለምንድነው ቁጥር የምሰጠው?»

«እማዬ፣ ብዙ ሰው ዶሮን ካልመረጠና መጨረሻ ከሆነ ዶሮ ከውድድሩ ይሰረዛል። የአንቺ ወረቀት ግን አይጣልም፣ ወደ ሽሮሽ ይሄዳል። ሽሮም ከወደቀ ወደ ሦስተኛሽ። አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ እንዲህ ይቀጥላል። ፓስታን 7 ስትይው አልፈልግህም ማለትሽ ነው።»

ትንሽ አሰበችና ፓስታ ላይ 7 ጻፈች፤ አጥብቃ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ።

ቅዳሜ በካርቶን በተከለለው መቆሚያ ፊት መነጽሯን አደረገች። ማንበብ የሚቸግረው ሰው የሚረዳውን ራሱ መርጦ ይዞ መግባት ስለሚፈቀድለት አጠገቧ ቆሜ ስሞቹን በጆሮዋ አነበብኩላት። ከዚያ «ዞር በይ» አለችኝ። ዞርኩ። የእርሳሱን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው፤ ጭረት፣ ዝምታ፣ እንደገና ጭረት። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ረዘመ፤ ማንም አላጣደፋትም። ስትጨርስ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ቆጠረች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ደግማ። «ሞልቷል» አለች። አረንጓዴውን አራት አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ስትከተው እጇን ቶሎ አላነሳችም። ማንን እንደመረጠች ጠየቅኳት፤ «እሱ የእኔና የሳጥኑ ነው» አለችኝ።

በር ላይ ወላጆች ቋሊማ እየጠበሱ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያሰባስባሉ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። የበሬ መሆኑን አስጠይቃኝ አንድ በላች፣ ሽንኩርቱን ለእኔ ሰጥታ።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን ቡና ተፈላ። ሻይ ይዤ ስገባ እማዬ ሰባት ሲኒ ረከቦቱ ላይ ደርድራ፣ ያቺ ራይት ታደርግ የነበረች እናት ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ «ይሄ ዶሮ ነው በይ» ትላቸዋለች። እሳቸው ስድስተኛው ሲኒ ላይ ደርሰው እያመነቱ ነው።