ምድጃ ላይ ቧንቧ ያስፈልጋል?

ዛሬ ደብረ ብርሃን እህቴ አዲሱ ቤት ስደርስ ክርክር ላይ ናቸው። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ድስት መሙያ ቧንቧ ይግባ አይግባ ነው ነገሩ። እንደ ክርን ይታጠፋል ይዘረጋል፤ ድስቱ እንደተጣደ ውሃ ይቀዳበታል። መቼም ሲያዩት ያምራል!

እማዬ ግን ቧንቧ ሠራተኛውን "ልጄ፣ መሙላቱንስ ሞላው፤ ሲፈላ ማን ያወርደዋል?" አለችው። እሱም ሳቀ።

እውነቷን ነው። 20 ሊትር ውሃ ብቻውን 20 ኪሎ ነው። ከሲንክ ተሸክሞ ማምጣቱ ወገብ ይቆርጣል፤ የፈላውን ማውረድ ግን ይብሳል። ደግሞ ቧንቧው እንደ ሲንክ ከሥሩ የፍሳሽ መውረጃ የለውም። ቢያንጠባጥብ ምድጃው ላይ ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሁለት መዝጊያ ያላቸው፣ አንዱ ግድግዳው ጋ፣ አንዱ ጫፉ ላይ። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ሮቶ ከሌለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

"ለድግስ ይሆነኛል" ትላለች እህቴ። የድግሱ ድስት እኮ ደጅ ጉልቻ ላይ ነው የሚጣደው! እዚያ ጎማ ይበቃል።

እኔ ብሩን ለጥሩ ሲንክ አደርገው ነበር። እሷ ግን ኋላ ቢያሰኘኝ ብላ፣ ልስን ሳይጀመር የውሃ መስመሩን ግድግዳው ውስጥ አስቀብራ ጫፉን አስደፍናዋለች።