ትልቁን ጥንድ ይዛችሁ ሬይዝ ሲመጣባችሁ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ጓደኛሞች ማታ ተሰብስበው ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን የፖከር ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ብዙ ብር የሚያልቀው መጥፎ ካርታ ይዞ አይደለም፤ ጥሩ የሚመስል አንድ ጥንድ ይዞ ነው።

እጃችሁ ላይ ኪንግና ጃክ አለ እንበል። ፍሎፑ (ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) ኪንግ፣ ስምንት፣ ሰባት፤ ሁለቱ ልብ ናቸው። በኪንጉ ትልቁን ጥንድ አገኛችሁ። መሐል 60 ብር አለ፣ 40 አስገባችሁ፣ ብዙም የማይወራረድ አንድ ዝምተኛ ሰው 120 አደረገው፤ ሬይዝ ማለት ይህ ውርርዱን ከፍ ማድረግ ነው። 80 ጨምራችሁ የምታገኙት 220 ነው፤ ከ100 ጊዜ 27ቱን ማሸነፍ ይበቃል ማለት ነው። ይህ ስሌት ግን ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ የሚመጣውን ውርርድ አይቆጥርም።

እሱ ምን ሊይዝ ይችላል? ሁለት ስምንት በ3 መንገድ፣ ሁለት ሰባት በ3፣ ስምንትና ሰባት በ9 መንገድ። ስምንትና ሰባት ከሆነ በቀጥታ የሚያድኗችሁ 5 ካርታዎች ብቻ ናቸው፤ 2 ኪንግና 3 ጃክ። ሁለት ስምንት ከያዘ ደግሞ ሦስት ስምንት ስለሚሆንለት አንድ ካርታ ብቻውን አያድናችሁም። ሁለት ልብ ይዞ አምስት ልብ ለመሙላት የሚጠብቅ ከሆነ ግን የሚሳካለት ከ100 ጊዜ 35 ያህሉ ነውና የምትመሩት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ካርታችሁን ወዲያው አትጣሉ። መልሶ ሬይዝ ማድረግ ደግሞ ከመጣልም ይብሳል፤ ደካማው ሸሽቶ የሚበልጣችሁ ብቻ ይቀራል። ኮል በሉና (80ውን ብቻ ጨምሩና) ተርኑን እዩ። ልብ ወይም ተከታታይ አምስት ካርታ ሊሞላለት የሚችል ስድስት ወጥቶ እንደገና ትልቅ ብር ከገፋ ጣሉት።

የመጀመሪያው ሬይዝ ተርን ወይም ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው የጋራ ካርታ) ላይ ከመጣማ፣ በተለይ ከዝምተኛ ሰው፣ ከጥንዱ ጎን ያለ ጃክን የመሰለ አጃቢ ካርታ አይበቃም።