የመኪናው በግ

አንድ ቀን የሰፈራችን ልጅ ዲቪ ደርሶት ሊሰናበተን መጣ። ቡና እየተፈላ፣ «ጋሼ፣ እዚያ እኮ ጉዳይ ሁሉ በስልክ ያልቃል፤ እንደዚህ አገር ሰው ፊት ቆሞ መለማመጥ የለም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። የሳቀችው በእሱ አይደለም፤ በእኔ ነው።

ዴንቨር 14 ዓመት ኖሬ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ጠቅልዬ ቱሉ ዲምቱ ገባሁ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ በተሰማ ሰሞን ስለነበር ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ የእኔ መኪና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነዋ። ከዴንቨር ባልቲሞር ወደብ፣ ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ የሚያደርስልኝ ድርጅት በኢንተርኔት አገኘሁ። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ፣ ስልክ የምታነሳው ሴት አንደበቷ ማር። ቀብድ ከፍዬ፣ ቁልፉን ለጓደኛዬ ሰጥቼ መጣሁ።

ሳምንት ሳይሞላ «መኪናዎ ተመድቧል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ለእናቴ «ተጭኗል» ብዬ ተረጎምኩላት። መዘዙ ሁሉ ከዚህች ቃል መጣ። በማግስቱ «ለፋሲካ ይወደዳል» ብላ የመኪናውን በግ ገዛች። በጉም ለመኪናው ብዬ ሲሚንቶ ባስለሰንኩት ማቆሚያ ላይ ታሰረ። ጾሙ ገባ። ቤታችን የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚያልቅበት ብዙም አይርቅም፤ ከጅቡቲ መኪና የጫነ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር እናቴ በር ላይ ወጥታ «የእኛ ስንተኛው ነው?» ትላለች።

እነሱ ቢሮ ሲከፍቱ እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። በየቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው» ይላል፤ ከዚያ ሙዚቃ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ቡና እየቆላች ዜማውን ስታንጎራጉር ሰማኋት።

መጋቢት 17 ቀን ባልቲሞር ላይ መርከብ ገጭቶት ትልቁ ድልድይ ፈረሰ፤ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ዝም ብሎ የከረመው ድርጅት በማግስቱ አንድ መስመር ጻፈልኝ፦ «በድልድዩ ምክንያት መኪናዎ ዘግይቷል።» አመንኩ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ ድልድዩ ሲወድቅ በቴሌቪዥን አሳየሁ፤ መኪናዬ ከወደቡ ውስጥ የት ጋ እንደሚሆን በጣቴ ሳይቀር ጠቆምኩ። ማታ ጓደኛዬ ከዴንቨር ደወለ። «መኪናህ እኔ ግቢ ነው እኮ፤ ማንም አልመጣም። የተጫነው ነገር ቢኖር በረዶ ነው።» ዴንቨር ከባልቲሞር በመኪና መንገድ ከ2,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ነገሩን የገለጡልኝ ክፍል የሚያከራዩት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ድርጅት የራሱ ተሳቢ አለው?»

«የለውም። ሾፌር ፈልጎ ነው የሚያገናኘኝ።»

«ሾፌሩንስ ያውቀዋል?»

«አያውቀውም።»

«ቀብዱን የበላው ማነው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ደላላ ነዋ!»

እንዲህ የተዋረድኩበት ቀን አላስታውስም። ከመጣሁ ጀምሮ የአደባባዩን ደላሎች ስሰድብ ነው የከረምኩት፤ «እዚያ ሥርዓት አለ» እያልኩ። እውነት ነው፣ የእኛው ደላላ አንድ ክፍል ብሎ ወስዶ ሌላ ያሳይሃል፤ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት እዚያው ጀበና ቡና አጠገብ ተቀምጦ ታገኘዋለህ፣ ኮቱን ትይዘዋለህ። የእኔው ደላላ ግን «ቢሮዬ ነው» ያለውን አድራሻ ፍሎሪዳ ያለ ዘመድ ሄዶ ቢያየው የኪራይ የፖስታ ሣጥን ሆኖ ተገኘ። ዋጋ ያረከሰውም ቀብድ ለመያዝ ነበር፤ በዚያ ዋጋ የሚጭን ሾፌር ደግሞ የለም።

ለዲቪው ልጅ ያልኩት ይህንን ነው፦ ገንዘብ ሳትከፍል በፊት የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥት የአጓጓዦች መዝገብ በኢንተርኔት ተመልከት። ለማንም ክፍት ነው፤ ድርጅቱ ራሱ የሚጭን ይሁን ደላላ ይለያል፤ ደላላ ከሆነም የ75,000 ዶላር ዋስትና ማስያዝ ግዴታው ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን ያየሁት በጉ ከከሳ በኋላ ነው። ቀብድም ከሆነ በባንክ ካርድ ክፈል። የእኔን ገንዘብ ያስመለሰልኝ ባንኩ ተከራክሮ እንጂ የእኔ ጩኸት አይደለም።

ፋሲካ ደረሰ፤ በጉ ያለ መኪናው ታረደ። የተጠራው ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ስለ መኪናው አንድም ሰው አላነሳም፤ ያም ከጥያቄው በላይ ያማል። ሁሉም ሲጎርስ የእትዬ የልጅ ልጅ ባዶውን ማቆሚያ አይቶ፣ «መኪናውን አረዱት እንዴ?» አለ።

የዲቪው ልጅ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምቶ፣ የመዝገቡን ነገር ስልኩ ላይ ጻፈ። ሲኒውን መለሰ፤ ትንሽ አመነታ።

«ጋሼ፣ መኪናው አሁንም ዴንቨር ነው?»

«አዎ።»

«እኔም የምሄደው ዴንቨር ነው እኮ» አለኝ።